ሐኪሙ ከባለቤታቸው የደበቁት ሕመም

ስለ ልብ፣ ስለ ጨጓራና ስለ ኩላሊት በየቤታችን ብዙ ይወራል። ዛሬ የምናነሣው ግን በቤታችን ስሙ እምብዛም የማይጠራ አንድ የደም ቧንቧ ነው። አኦርታ ይባላል። አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ «ደህና አምሽቶ» በድንገት ሲለየን «ልቡ ነው» ብለን እንቀብረዋለን። አንዳንዴ ግን ልቡ አልነበረም፤ ከልቡ የሚወጣው ዋናው ቧንቧ ነበር። ጉዳዩን በአንድ ባልና ሚስት እውነተኛ ታሪክ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ የ97 ዓመቱ አዛውንት ዶክተር ማይክል ደቤኪ በቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ለንግግር ይዘጋጁ ነበር። በድንገት በደረታቸው የላይኛው ክፍልና በሁለቱ ትከሻዎቻቸው መካከል ኃይለኛ ሕመም ተነሣባቸው፤ ወደ አንገታቸውም ወጣ። «ልቤ አሁን ቀጥ ይላል» ብለው ጠበቁ። ልባቸው ግን መምታቱን ቀጠለ። ያን ጊዜ የልብ ሕመም ሳይሆን የአኦርታ መሰንጠቅ እንደሆነ ጠረጠሩ።

ይህን ለመጠርጠር ከእርሳቸው የተሻለ ሰው በዓለም ላይ ማግኘት ያስቸግራል። የተሰነጠቀ አኦርታ በቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚጠገን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያሳዩት እርሳቸው ናቸው። በእነዚያው ዓመታት ዳክሮን የሚባል ጨርቅ ከሱቅ ገዝተው፣ በቤት የልብስ ስፌት ማሽን ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ሰፍተዋል። ስፌቱን በልጅነታቸው ያስተማሯቸው እናታቸው ነበሩ።

ታዲያ እኚህ ሰው ምን አደረጉ? አምቡላንስ አልጠሩም፤ ለሐኪማቸውም አልደወሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካትሪንና ልጃቸው ወደ ቤት ሲገቡ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው አገኟቸው። እርሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበረና ጡንቻ ተሳስቦባቸው እንደሆነ ነገሯቸው። እውነቱን ደበቁ። በኋላ ሲጠየቁ ምክንያታቸውን ገልጸዋል፤ የጠረጠሩትን ለባለቤታቸው መንገር «በቅርቡ እሞታለሁ» ብሎ እንደ መናገር ሆኖባቸው ነበር።

ውድ ባልና ሚስቶች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለዚህ በሽታ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው፣ በሽታው በራሳቸው ላይ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው ከባለቤታቸው ሸሸጉት። የፈሩት ባለማወቅ አልነበረም፤ ከፍቅር የተነሣ ነበር። «እንዳታስብ»፣ «እንዳይጨነቅ» እያልን ስንቶቻችን ይህንኑ እናደርጋለን?

አኦርታ ምንድን ነው?

አኦርታ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት የደም ቧንቧዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከልብ ግራ ክፍል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና በጀርባ አጥንት ፊት ለፊት አድርጎ ወደ ሆድ ይወርዳል። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። ወደ አንጎል፣ ወደ እጆች፣ ወደ ኩላሊትና ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ደረት ውስጥ ከዚህ ሰፋ ይላል።

ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። በዚህ ግድግዳ ላይ በተለይ ሦስት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ማበጥ ነው፤ ሐኪሞች አኑሪዝም ይሉታል። ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ ቧንቧው እንዳረጀ የጎማ ቱቦ በአንድ ቦታ ይነፋል። በሆድ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አኑሪዝም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። አንድ ቀን ሲፈነዳ ግን ለሕክምና የሚተርፈው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ሁለተኛው መሰንጠቅ ነው። የኮት ገበር ሲተረተር እጃችን በገበሩና በጨርቁ መካከል እንደሚገባ ሁሉ፣ የአኦርታ የውስጥ ንብርብር ሲቀደድ ደሙ በንብርብሮቹ መካከል ይገባና እየሰነጠቀ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ወደ አንጎል ወይም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ቅርንጫፍ ሊዘጋ፣ ወደ ልብ ከረጢት ሊፈስስ ወይም ቧንቧውን ጨርሶ ሊያፈነዳ ይችላል። ከልብ አጠገብ ባለው ክፍል የተነሣ መሰንጠቅ ካልታከመ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሞት አደጋው በየሰዓቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ እንደሚጨምር ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ሦስተኛው በአደጋ የሚመጣ ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ቀጥ ሲል ሰውነት ይቆማል፤ በደረት ውስጥ ያለው አኦርታ ግን ይወናጨፋል። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከዘራው ከታጠፈ በኋላ መውረድ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ብዙዎች እዚያው አደጋው ቦታ ላይ ይሞታሉ። ሆስፒታል ከሚደርሱት መካከል ደግሞ ከውጭ ምንም ቁስል የማይታይባቸው አሉ። ስለዚህ ከከባድ ግጭት በኋላ «ደም አልፈሰሰኝም፣ ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም።

ለምን በሌላ በሽታ ይሳሳታል?

በ1760 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ በቤተ መንግሥታቸው በድንገት ወድቀው ሞቱ። ሐኪማቸው ፍራንክ ኒኮልስ አስከሬናቸውን ሲመረምሩ የልብ ከረጢቱ በደም ተሞልቶ፣ አኦርታቸውም ተቀድዶ አገኙ። በዚያ ዘመን ይህን በሽታ ማየት የሚቻለው እንዲህ ከሞት በኋላ ብቻ ነበር።

ዛሬ በሕይወት እያለን ማየት ይቻላል። ነገር ግን ለማየት አስቀድሞ መጠርጠር ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ በደረት ሲመጣ የልብ፣ በጀርባ ሲመጣ የብርድ፣ በጎን ሲመጣ የኩላሊት ጠጠር፣ በሆድ ሲመጣ የጨጓራ ይመስላል። ታዋቂው አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ተዋናይ ጆን ሪተር በ2003 በሥራ ቦታው ሳለ ታመመ። በመጀመሪያ የተሰጠው ሕክምና የልብ ሕመም ነው ተብሎ ነበር። በሽታው ግን የአኦርታ መሰንጠቅ ነበረና በዚያው ቀን በ54 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ስለዚህ በሽታ የሚያስተምር ድርጅት አቋቋመች።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ለልብ ሕመም የሚሰጡት ደም የሚያቀጥኑና የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች ለተሰነጠቀ አኦርታ እጅግ አደገኞች ናቸው። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በግምት መሄድ አይቻልም፤ ማየት ግድ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ አኦርታን መጠርጠር ይገባል፦

– ሕመሙ ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት፣ ገና ከመነሻው በሙሉ ኃይሉ የመጣ እንደሆነ፤
– በሽተኛው «ቀደደኝ፣ ሰነጠቀኝ» የሚለው፣ ከደረት ወደ ጀርባ ወይም ወደ ሆድ የሚዘዋወር ሕመም ሲሆን፤
– በቀኝና በግራ እጅ የሚለካው የደም ግፊት ከ20 ነጥብ በላይ ሲለያይ፣ ወይም በአንዱ እጅ ወይም እግር የደም ምት ሲጠፋ፤
– ከሕመሙ ጋር ራስን መሳት፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የእግር መደንዘዝ ሲኖር።

ሁሉም ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ደግሞም ሕመሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋብ ሊል ይችላል። ጋብ ማለቱ ግን ስንጥቁ ተዘጋ ማለት አይደለም። ወገኖች ሊጸልዩላችሁ ሲመጡ መኪናም ይዘው ይምጡ፤ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ በመንገድ ላይ መጸለይ ይቻላል።

ሐኪም አኦርታን በምን ያያል?

ራጅ። በየቦታው የሚገኝና በደቂቃ የሚያልቅ ነው። የደረት መካከለኛው ክፍል ሰፍቶ ከታየ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል። ነገር ግን አኦርታው ተሰንጥቆም ራጁ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተባልኩ» ማለት ብቻውን አያስተማምንም።

አልትራሳውንድ። ነፍሰ ጡር እናቶች ሁሉ የሚያውቁት መሣሪያ ነው። በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ አያሳምምምም። የሆድ አኦርታን ስፋት ለመለካት እጅግ ተስማሚ ነው። በደረት ውስጥ ያለውን ግን አጥንትና አየር ስለሚከልሉት በሙሉ አያሳይም።

ኢኮ። ይህም አልትራሳውንድ ነው፤ ልብንና ከልብ የሚወጣውን የአኦርታ መጀመሪያ ያሳያል። ሌላም ዓይነት አለ፤ መሣሪያው እንደ ጨጓራ ምርመራ በጉሮሮ በኩል ይገባና አኦርታን ከኋላው ሆኖ በቅርበት ያያል። በሽተኛው ከአልጋው መነሣት በማይችልበት ጊዜ ይጠቅማል።

ሲቲ ስካን። በድንገተኛ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ይህ ነው። በክንድ ደም ሥር አዮዲን ያለበት መድኃኒት ይሰጥና መሣሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንገት እስከ ዳሌ ያለውን ቧንቧ እንደ ዳቦ ቁራጭ ከፋፍሎ ያሳያል። ስንጥቁ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደተዘጋ ሁሉ ይታያል። ከመግባታችሁ በፊት የኩላሊት ችግር፣ የመድኃኒት አለርጂ ወይም እርግዝና ካለ ለባለሙያው ንገሩ። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነትን ሞቅ ያደርጋል፤ ይህ የተለመደ ነውና አትደንግጡ።

ኤምአርአይ። በማግኔት ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ በየጊዜው ክትትል ለሚያስፈልጋቸው፣ በተለይም ለወጣቶች ጥሩ ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ግን ለተጣደፈ በሽተኛ አይመችም። በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ምስሉ ከታየ በኋላ ሕክምናው እንደ ቦታው ይለያያል። ስንጥቁ ከልብ በሚወጣው ክፍል ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በሚወርደው ክፍል ላይ ብቻ ከሆነና ሌላ ጉዳት ካላስከተለ፣ ብዙ ጊዜ የደም ግፊትን በመድኃኒት አጥብቆ በመቆጣጠር ይታከማል። አንዳንዶችም በብሽሽት በኩል በሚገባ፣ በጨርቅ በተሸፈነ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ከውስጥ ይጠገናሉ።

የዶክተር ደቤኪ ቁጥሮች

ወደ ሂዩስተን እንመለስ። ዶክተር ደቤኪ ሲቲ ስካን የተነሡት በጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ነበር። የጠረጠሩት ልክ ሆኖ ተገኘ። አኦርታቸው 5.2 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ነበር። ሐኪሞች ይተኙ ቢሉ እምቢ አሉ፤ ቀዶ ሕክምናውንም አልፈልግም አሉ። በዚያ ዕድሜ ቢድኑ እንኳ አካላቸው ወይም አእምሯቸው ተጎድቶ መኖርን ፈሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ሄደው ንግግር አደረጉ! በወሩ መጨረሻ ግን ስፋቱ 6.6፣ በፌብሩዋሪ 9 ደግሞ 7.5 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ያን ዕለት ራሳቸውን አያውቁም ነበር።

አሁን ጥያቄው በባለቤታቸው ላይ ወደቀ። በሽተኛው በደህናው ጊዜ «አልፈልግም» ብለዋል። ካልተሠራላቸው እንደሚሞቱ ግልጽ ነው። የሆስፒታሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች ዕድሜያቸውንና ያሉበትን ሁኔታ አይተው አንሠራም አሉ። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሌሊት ተሰብስቦ ሲነጋገር፣ ወይዘሮ ካትሪን ሳይጠሩ ገብተው ቀዶ ሕክምናው አሁኑኑ ይጀመር አሉ። ከሌላ ቦታ የማደንዘዣ ሐኪም ተገኘ። ደቤኪ ራሳቸው በፈለሰፉት ዘዴ፣ ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው የሠሩት ሐኪም ጆርጅ ኑን ቀዶ ሕክምናውን መሩ። ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ።

ለወራት በሆስፒታል ተኝተው፣ ብዙ ተሠቃይተው ዳኑ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ይህን ቀዶ ሕክምና አልፈው ከተረፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እንደሆኑ ተነገረላቸው። ሐኪሞቻቸውና ባለቤታቸው ትክክል እንዳደረጉም ራሳቸው መሰከሩ። በጁላይ 2008 መቶ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው አረፉ።

ታሪኩ በመልካም ስላለቀ ብቻ «ሁልጊዜ እንዲህ ይደረግ» አንልም። ሌላ ውጤት ቢመጣ ኖሮ ያቺ ሚስት ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን በወቀሰች ነበር። ይህን ሸክም የሚያቀልለው አስቀድሞ መነጋገር ነው። «እኔ መናገር ባልችል ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ? ለምንስ?» የሚለውን ጥያቄ ባልና ሚስት በጤናቸው ጊዜ ቢወያዩበት፣ በዚያች ሌሊት በሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚቆመው ሰው ብቻውን አይሆንም።

ማን ይመርመር?

ሁላችንም ሲቲ ስካን ይነሣልን አንልም፤ አያስፈልግምም። ነገር ግን፦

አንደኛ፣ የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ለአኦርታ መሰንጠቅ ዋናው ምክንያት ያልታከመ የደም ግፊት ነው። መድኃኒት የታዘዘላችሁም «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ።

ሁለተኛ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም። ድሮ አጭሶ የተወም ቢሆን ታሪኩን ለሐኪሙ ይንገር። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑና በሕይወታቸው አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች አንድ ጊዜ የሆድ አልትራሳውንድ እንዲነሡ ይመከራል። በእንግሊዝ አገር ወንዶች ሁሉ 65 ዓመት ሲሞላቸው ለዚህ ምርመራ ይጠራሉ።

ሦስተኛ፣ የቤተሰብን ታሪክ ጠይቁ። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት በአኦርታ በሽታ የታመመ፣ ወይም በወጣትነቱ ያለ ግልጽ ምክንያት በድንገት የሞተ ካለ ለሐኪም ንገሩ። በደረት አኦርታ መስፋት ወይም መሰንጠቅ የታመመ ሰው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች በምስል እንዲታዩ ሐኪሞች ይመክራሉ።

አራተኛ፣ ማርፋን የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር አለ። ብዙውን ጊዜ እጅግ ረጅምና ቀጭን ቁመና፣ ረጃጅም ጣቶች፣ የዓይን ችግርም ይታይበታል። ቁመተ ረጅም ሁሉ ማርፋን አለበት ማለት አይደለም። ያለባት ሴት ግን ከማርገዟ በፊት አኦርታዋን መታየት ይገባታል፤ እርግዝናና ወሊድ ስንጥቁን ሊያስነሡ ይችላሉና።

አምስተኛ፣ በመኪና ስትሄዱ ቀበቶ እሰሩ፤ ከኋላ የተቀመጠም ቢሆን ይሰር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። መሣሪያው ግን በሽተኛው ካልመጣ ምንም አያይም። በሽተኛው እንዲመጣ ደግሞ «አመመኝ» ብሎ የሚናገር ሰው፣ «ተነሥ፣ እንሂድ» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ዶክተር ደቤኪ ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ሆኖም እውቀታቸው ብቻውን ከሶፋው አላስነሣቸውም። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ የትዳር ጓደኛችሁን «የምትደብቀኝ ሕመም አለ? የምትደብቂኝ ሕመም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በትዕግሥት ስሙ።